ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም

ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ሰው ዩኒቨርሲቲ በነጻ ይከፈትለት የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር አንዳንድ ጓደኞቻችን ሻይ ቤት ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያጣምማሉ። «ወታደር ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? የትምህርት ደረጃ ይወድቃል፤ ወንበርም ይጣበባል» ይሉናል። እኛ ግን እንላለን፤ ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ ከተባለ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ያኔም ስሕተት ነበር።

እስቲ አሜሪካንን እንይ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደር 60 ዶላርና የባቡር ቲኬት ይዞ ተሰናበተ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ አጥቶና ተርቦ፣ «ቃል የተገባልኝ ክፍያ አሁን ይሰጠኝ» ብሎ ዋሽንግተን ቢሰፍር፣ የገዛ አገሩ ጦር በአስለቃሽ ጭስ በተነው። ከዚህ ውርደት በኋላ ነው፣ በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተመላሽ ወታደሮችን ሕግ የፈረሙት። ሕጉ ለትምህርትና ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 500 ዶላር፣ ላላገባው ደግሞ ለኑሮው በወር 50 ዶላር ሰጠ።

ያን ጊዜ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሐቺንስ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ፈት መጠለያ ሊሆኑ ነው ብለው ጮኹ። የሃርቫርዱ ጄምስ ኮናንትም ሠግተው ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? 2.2 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች ኮሌጅ ገቡ፤ በ1947 ከተማሪው ግማሽ ያህሉ እነሱው ነበሩ። ትጋታቸውና ብስለታቸው ሌላውን ተማሪ አስቀና፤ ኮናንትም ሐሳባቸውን ለውጠው አመሰገኗቸው።

ግን እውነቱን አንሸፍንም። ጥቁሩ ወታደር በወረቀት ላይ ከነጩ እኩል መብት ነበረው። በደቡብ ግዛቶች ግን የነጮቹ ዩኒቨርሲቲ በሩን ዘጋበት፤ ጥቂቶቹ የጥቁር ኮሌጆችም ሞልተው ቦታ አጣ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው!

ሌላም አለ። በ1973 የግዳጅ ምልመላ ከቀረ ወዲህ ትምህርቱ የወታደር መመልመያ ሆነ። «ፈርም፤ ኋላ እናስተምርሃለን» ይባላል። የሀብታም ልጅ በአባቱ ገንዘብ ይማራል፤ የደኻው ልጅ፣ እዚያ ያሉ የወገኖቻችን ልጆችም ጭምር፣ መጀመሪያ ደረቱን ለጥይት ይሰጣል። ይህን እንቃወማለን። ዕዳ የሚከፈለው ውለታ ለዋለ ሰው ነው፤ በችግር ለተያዘ ሰው የሚወረወር ግን መንጠቆ ነው። የዚህ መልሱ ታዲያ የዘማቹን መብት መንጠቅ ሳይሆን ለደኻው ልጅ ሌላ በር መክፈት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ ስንቱ ወጣት ከየሰፈሩ ታፍሶ ዘመተ። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን፣ ያው ወጣት የወታደር ልብሱን እንደለበሰ በየመንገዱ እጁን ዘረጋ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ያልሰደበው አልነበረም። ጦርነትም ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም፤ በ1990ም መጣ፣ በ2013ም መጣ።

እኛስ? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው፤ ሲመረቅ የመንግሥት ባለዕዳ ነው። ይሁን ግድ የለም። ግን እግሩን ግንባር ላይ ጥሎ የመጣው እኩያችን፣ በክራንች ተደግፎ ከኋላችን ተሰልፎ፣ ያንኑ የዕዳ ቅጽ ይፈርም ልንል ነው? እንዴት ነው ነገሩ? ማን ነው የማን ባለዕዳ?

ዘማች ይማር ስንል ጦርነትን እያወደስን አይደለም። እንዲያውም አገር ለላከችው ልጅ ሁሉ እስከ መጨረሻው መክፈል እንዳለባት ብታውቅ፣ ከመላኳ በፊት ሁለቴ ታስብ ነበር።

ወንበር ይጠባል ነው ያላችሁት? ጠጋ ጠጋ እንበላ!