«ኢሚዩኒቲ ጨምሩ» ለምትሉን፦ የዱር ትምባሆን እዩት

ስልክ ከፍቶ ትንሽ ወደ ታች የሳበ ሰው አንዱ አያመልጠውም። ኢሚዩኒቲ የሚያሳድግ ዱቄት፣ ኢሚዩኒቲ የሚገነባ ሻይ፣ በሰባት ቀን ለውጥ የሚያመጣ ምናምን። ዕቃው ይለያያል እንጂ የሚሸጥልን ሐሳብ አንድ ነው፤ የሰውነት መከላከያ እንደ ስልክ ካርድ ነው፣ በሞላችሁት ቁጥር ይሻላችኋል። እኔ ይሄን ሐሳብ አልቀበለውም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ ከዱር ትምባሆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ትምባሆ ስል ሲጋራውን ማለቴ አይደለም። የቲማቲም፣ የድንችና የቃሪያ ዘመድ የሆነውን ተክል ነው። ቫይረስ የሚባለውን ነገር የሰው ልጅ ያወቀው በዚሁ ተክል በኩል ነው፤ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም አሳየ። በሽታው ቅጠሉን ስለሚያዥጎረጉረው የትምባሆ ሞዛይክ ይባላል።

ኒኮቲያና ግሉቲኖሳ የሚባል የደቡብ አሜሪካ የዱር ትምባሆ አለ። ይሄ ቫይረስ ሲገባበት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የራሱን ሕዋሶች ይገድላል። ቫይረሱ ያረፈበትንና በዙሪያው ያለውን አድርቆ፣ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ትቶ፣ ቫይረሱን እዚያው አግቶ ያስቀረዋል። ይህን የሚያዘው ዘረ-መል «ኤን» ይባላል። አርቢዎች በማዳቀል ወደ እርሻ ትምባሆ አሻግረውታል፤ በ1994 ደግሞ ሳይንቲስቶች ለይተው አወጡት።

«ኤን» ግን ሙቀት አይችልም። ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ሥራውን ያቆምና ቫይረሱ በተክሉ ውስጥ እንደልቡ ይሰራጫል። እስከዚህ ድረስ ተክሉ ታሟል እንጂ አልሞተም። ጉዱ የሚመጣው ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ሲመልሱት ነው። መከላከያው ይነቃል፤ ቫይረስ ያለበትን ሕዋስ ሁሉ መግደል ይጀምራል፤ ቫይረሱ ደግሞ አሁን የሌለበት ቦታ የለም። ተክሉ በቀናት ውስጥ ጠውልጎ ይሞታል። ያው ቫይረስ ለብቻው ያልገደለውን ተክል የገዛ መከላከያው ጨረሰው።

ሰው ትምባሆ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ግን እኛም ዘንድ ሉፐስ የሚባል በሽታ አለ፤ መከላከያችን የገዛ አካላችንን እንደ ጠላት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አስም ያለበት ጓደኛ ካላችሁ፣ አለርጂ ማለት ምንም ላላደረገ አቧራ ከልክ በላይ መነሣት መሆኑን ታውቃላችሁ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ደግሞ መከላከያውን የሚያወርድ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ለእነዚህ ሰዎች «ኢሚዩኒቲህን እንጨምርልህ» ማለት ምን ማለት ነው? ክትባት እንኳ ሁሉንም ነገር አይጨምርም፤ አንድን ጠላት ለይቶ ያስተምራል፣ በቃ።

ወደ ተክሉ ልመለስ። ትምባሆ አንድ ቅጠሉ ሲጠቃ ሳሊሲሊክ አሲድ ያመርታል፤ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ያልተነኩት ቅጠሎችም ለሚቀጥለው ጥቃት ይዘጋጃሉ። በ1997 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የታመመው ተክል ከዚሁ ነገር የሚሠራ ተናኝ ውህድ ወደ አየር ይለቅቃል፣ አጠገቡ ያለው ጎረቤትም በዚያው ይነቃል። (የግሩፕ መልእክት በሉት።) ልብ በሉ፣ ጥቃት ሲመጣ ነው የሚያበሩት። አራቢዶፕሲስ በምትባል ሌላ ትንሽ ተክል ላይ መከላከያው ሁልጊዜ የበራ እንዲሆን የሚያደርግ ለውጥ ሲፈጠር ተክሏ ቀጭጫ ትቀራለች። ለዕድገት የሚውለው አቅም ለጥበቃ ያልቃል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የአውስትራሊያው ኒኮቲያና ቤንታሚያና ነው። ብዙ የተክል ቫይረሶች መመሪያቸው የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። ተክሎች ይህን ጽሑፍ ከ21 እስከ 24 ፊደል ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፉታል፤ ከዚያም ቁርጥራጮቹን እንደ ተፈላጊ ፎቶ ይዘው ተመሳሳዩን እያደኑ ያጠፋሉ። ለዚህ ሥራ ከሚያግዙት አንዱ አር ዲ አር 1 የሚባል ዘረ-መል ነው። በየላብራቶሪው ያለው ቤንታሚያና ግን እዚህ ዘረ-መል ውስጥ 72 ትርፍ ፊደላት ገብተውበት ተበላሽቷል። ስለዚህ ሌሎች ዘመዶቹ የሚቋቋሙት ብዙ ቫይረስ ይይዘዋል።

ለረጅም ጊዜ ይሄ እንደ ጉድለት ብቻ ይታይ ነበር። በ2015 የኩዊንስላንድ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎቹ እነ ፒተር ዋተርሃውስ ነገሩን ገለበጡት። የተክሉ ዝርያ የመጣው ከታናሚ በረሃ፣ ግራናይትስ ከሚባል አካባቢ መሆኑን ደረሱበት። እዚያ ዝናብ አንዴ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚያዋጣው ቶሎ በቅሎ፣ ቶሎ አድጎ፣ ዘር ጥሎ መጨረስ ነው። ይሄኛው ቤንታሚያና ዘሩ ትልቅ፣ ዕድገቱም ፈጣን ነው። ሌላ ቦታ የሚበቅሉት የዱር ወንድሞቹ ዘረ-መሉ ጤነኛ ነው፣ ቫይረስንም ይቋቋማሉ፣ ግን እንደሱ አይፈጥኑም። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በረሃው ውስጥ ከቫይረስ ይልቅ የሚያሰጋው ድርቅ ነበር፤ ስለዚህ አንዱን ጥሎ ሌላውን ያዘ። እኔ ይሄን ተክል «ደካማ» ለማለት ከአፌ አይወጣም።

በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ ለጥቂት ሕሙማን በሙከራ የተሰጠ ዚማፕ የሚባል መድኃኒት ነበር። ፀረ-እንግዳ አካላቱ የተመረቱት አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ በቤንታሚያና ቅጠል ላይ ነው። መመሪያውን ወደ ቅጠሉ ያስገቡት ደግሞ ከተክል ቫይረሶች በተወሰዱ ክፍሎች ነበር፤ ከእነዚያም አንዱ ያው የድሮው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ነው።