በሩ ሲዘጋ ገንዘቡ ወዴት ሄደ?

ወሩ ሳይጋመስ ኪስ የተራቆተ እንደሆነ መጀመሪያ የሚወቀሰው መዝናኛ ነው። «ሲኒማ ባልገባ፥ ኳስ ለማየት ባልሄድ ኖሮ ይተርፈኝ ነበር» ማለት የተለመደ ነው። ወቀሳው እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን ጸጸት አይበቃም፤ ሒሳብ ያስፈልጋል።

የቤተሰብን ወጪ እየጻፉ መመርመር የቆየ ጥበብ ነው። ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1857፥ የቤተሰብ ገቢ ከፍ ባለ መጠን ለምግብ የሚውለው ድርሻ እያነሰ እንደሚሄድ ገለጠ። በአገራችንም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1988 ዓ.ም. የቤተሰብ ገቢ፥ ፍጆታና ወጪ ጥናት አካሂዷል፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ደጋግሞታል።

በአሜሪካ ደግሞ ይህ ጥናት በየዓመቱ ይወጣል። በመዝገቡ ውስጥ «መዝናኛ» ከሚለው ርእስ ሥር «ክፍያና መግቢያ» የሚባል አንድ ክፍል አለ። የሲኒማ፥ የቴያትር፥ የኮንሰርትና የስፖርት ውድድር መግቢያ፥ የክበብ መዋጮም ጭምር የሚቆጠረው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቤተሰብ በአማካይ ለዚሁ 880 ዶላር አወጣ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የአዳራሾችን በር ባስዘጋ ጊዜ ወጪው ወደ 425 ዶላር ወረደ።

እንግዲህ 455 ዶላር ተረፈ ማለት ነውን? አይደለም። ጠቅላላው የመዝናኛ ወጪ ከ3,090 ወደ 2,912 ዶላር ብቻ ዝቅ አለ፤ ልዩነቱ 178 ዶላር ነው። የቀረው 277 ዶላር የመግቢያ ቲኬት ወደማይቆረጥባቸው መዝናኛዎች ዞረ። ቴሌቪዥንና የሙዚቃ መሣሪያ፥ የቤት እንስሳት፥ መጫወቻና የስፖርት ዕቃ የሚቆጠሩት በነዚህ ውስጥ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ ይበሉ። በሩ ቢዘጋም የመዝናናት ፍላጎት አልተዘጋም። በር ላይ የሚከፈል ገንዘብ ይታያል፤ ከኪስ ሲወጣ እጅ ያውቀዋል። የቴሌቪዥን ወርኃዊ ክፍያና የኢንተርኔት ጥቅል ግን ኮቴ ሳያሰሙ ገብተው ኮቴ ሳያሰሙ ይወጣሉ። ሲኒማ መግባት የተወ ሰው ቆጠብሁ ብሎ ሲደሰት፥ ያው ገንዘብ በስልኩ በኩል ሲፈስ ላያስተውለው ይችላል።

ደግሞም አማካይ ቁጥር ለሁሉ ልክ የሚሆን ልብስ አይደለም። አንድ ሣንቲም ያላወጣውና እጅግ ያወጣው ተደምረው የተካፈሉት ነው። ስለዚህ የራስዎን ሒሳብ ከራስዎ በቀር የሚያውቅልዎ የለም።

ለአራት ሳምንት ያህል በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምረው ይጻፉ። በመጀመሪያው የመግቢያውን ዋጋ፥ በሁለተኛው በመግቢያው ዙሪያ ያለውን የታክሲና የሻይ ወጪ፥ በሦስተኛው ቤት ተቀምጠው የሚከፍሉትን ያስፍሩ። በመጨረሻ ሦስቱን ደምረው ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የመጀመሪያው ነው፤ የሚያጎድለው ግን ሌላው ሊሆን ይችላል። ለእቁብ የሚጣለውም፥ ለታናሽ ወንድም የደብተር መግዣ የሚላከውም መገኘት ያለበት ከዚያው ከሚያጎድለው ዓምድ ነው።

ይህን ስንል መዝናናት ይቅር ማለታችን አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ተመልካች ከሌለው ባዶ አዳራሽ ነው። በር ላይ የምንከፍለው ገንዘብ መድረኩንም ያቆማል፤ ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ መሳቅንም ይጨምርልናል። መቀነስ ካለብን እንግዲህ አስቀድመን የምንቀንሰው የቱን እንደሆነ አይተን እንቀንስ።