ለሞንታርቦ ከማዋጣታችን በፊት

አምና በረመዳን አጋማሽ፣ በተራዊሕ ሶላት መካከል መብራት ጠፋ። እኔ ሚሕራቡ ውስጥ ቆሜ መቅራቴን ቀጠልኩ፤ ከኋላዬ ያሉት ሦስትና አራት ሰፎች ሰሙኝ። ፎቅ ላይ የነበሩት እናቶቻችንና እህቶቻችን ግን ምንም አልሰሙም። ሩኩዕ አድርጌ፣ ሱጁድ ወርጄ፣ ለቀጣዩ ረከዓ ስነሣ እነሱ ገና ቆመው ነበር። ገሚሶቹ ለብቻቸው ጨረሱ፣ ገሚሶቹ በግምት ወረዱ ወጡ፣ አንዳንዶቹም አቋርጠው ተቀመጡ። ሶላቱ አልቆ ስወጣ አንዲት ሐጂያ ደረጃው ሥር ጠብቀውኝ፣ «ሼሃችን፣ እኛ ዛሬ ከማን ጋር ነው የሰገድነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ የመስጂዱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የቀረበው መፍትሔ በብዙ መስጂዶች የሚቀርበው ነበር፤ ገንዘብ ይዋጣ፣ ተጨማሪ ሞንታርቦ ይገዛ፣ ሚናራው ላይ ያለው ጡሩምባም ይጨመር። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። መብራት ሲጠፋ ሞንታርቦው ሁለትም ሆነ ሃያ ለውጥ እንደሌለው ያስታወሰን፣ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት የጀማዓችን አባል ነው። ቀጥሎም ማይክራፎናችንን አንሥቶ ምን ያህል እንደበደልነው አሳየን። የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ሳይገቡ፣ መዋጮውም ከየኪሱ ሳይወጣ ይህን የምጽፈው እሱ ያስተማረንን ለሌሎች ጀማዓዎች ለማድረስ ነው።

ሞንታርቦ ድምፅ አይፈጥርም። ማይኩ የሰጠውን ያጎላል፤ የተሰጠው የተበላሸ ከሆነ ብልሽቱን ያጎላል። እኛ ማይኩን ከኢማሙ አንድ ክንድ ተኩል ያህል አርቀን እንተክልና ድምፁ ሲያንስ ማጉያውን እንከፍታለን። ያን ጊዜ ማይኩ ከሞንታርቦው የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ የሰማውን መልሶ ይልካል፤ ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨት የሚመጣው ከዚህ ዙሪት ነው። መፍትሔው ማቅረብ ነው። በማይኩና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባነሰ ቁጥር የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ይህ ጭማሪ አንድ ብር አያስወጣም።

ሌላው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መስጂድ ከሠርግ አዳራሽ ይለያል። ለንግግርና ለዜማ የሚሠሩት አብዛኞቹ ማይኮች ከፊታቸው የሚመጣውን አጥርተው ይሰማሉ፣ ከጀርባቸው የሚመጣውን ችላ ይላሉ። በአዳራሽ ዘፋኙ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ስለሚያዞር የማይኩ ፊት ወደ መድረኩ ነው። ኢማም ግን ፊቱ ወደ ቂብላ ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ የተተከለው ማይክ የሚያየው ኢማሙንና ከኢማሙ ኋላ ያለውን ጀማዓ ነው። በኋለኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወደ ቂብላ የዞረ ስፒከር ካለ በቀጥታ ማይኩ አፍ ውስጥ ይጮኻል ማለት ነው። የእኛ መስጂድ ለዓመታት እንዲህ ነበር። ስፒከሮቹ በቂብላው በኩል፣ ወደ ጀማዓው ዞረው ሲሰቀሉ ፉጨቱ ቀረ። ለጁሙዓ ኹጥባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኸጢቡ ወደ ሰዉ ይዞራል፣ የሚንበሩ ማይክም ወደ ቂብላው ግድግዳ ያያል። ስለዚህ ከሚንበሩ ጀርባ ያሉትን ስፒከሮች በኹጥባ ሰዓት ዝቅ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ቁልፍ ሁሉንም ከፍቶ መሄድ አይሠራም።

የትኛው ማይክ ይገዛ? ለአዛንና ለኹጥባ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ይበቃል። ጠንካራ ነው፣ ከቅርብ የመጣውን ድምፅ ይይዛል፣ የማራገቢያውንና የሕፃናቱን ድምፅ ብዙም አያመጣም። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስኤም 58 ለዚህ ዓይነቱ ምሳሌ ነው፤ ግን ተመሳስሎ የተሠራው ብዙ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሰክታችሁ ሞክሩት። ኮንደንሰር የሚባለው የበለጠ ስሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል። ይህ ባለመታወቁ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ደህና ማይክ አይቻለሁ።

ለሶላት ግን የቆመ ማይክ ብቻውን አይበቃም። የ20 ረከዓ ተራዊሕ 40 ሱጁድ አለው፤ 8 የሚሰግዱትም 16 ጊዜ ግንባራቸውን መሬት ያደርሳሉ። ኢማሙ በወረደ ቁጥር ድምፁ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ተክቢራው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ደረት ላይ የሚሰካው ትንሽ ማይክ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይነሣል። ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ልብስ በማይነካው ቦታ ይሰካ። (ጢሙ ረጅም የሆነ ኢማም ትንሽ ወደ ጎን ያድርገው፤ እኔ ይህን የተማርኩት ጀማዓው የጢሜን ኮሽታ ሲሰማ ካመሸ በኋላ ነው።) ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪው በየምሽቱ ከኢፍጧር በኋላ ይታይ፤ ባለ ገመድ ማይክም ለመጠባበቂያ ይዘጋጅ። ገመዱ ባለ ሦስት ፒን ይሁን። ባለ አንድ ጃኩ ቀጭን ገመድ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ሲረዝም ከመብራት መስመሩ እምምታ እየሰበሰበ ያመጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ኢኮ። ድምፅን «ያሳምራል» ተብሎ በየሚክሰሩ ይከፈታል። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን በጽሑፍ እንለያቸዋለን እንጂ በአፋችን አንለያቸውም። በቁርኣን ግን ሃእ፣ ሓእ እና ኻእ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ሲለወጥ ትርጉም ይለወጣል። ሲን፣ ሷድና ሣእም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን የሚለየው ስሱ የድምፅ ክፍል ነው፤ ኢኮ ሲከፈት ያለፈው ፊደል በሚመጣው ላይ ይተኛል፣ ልዩነቱም ይሸፈናል። መድ ስንት ሐረካ እንደተሳበ አይታወቅም። ልጆቻችን ተጅዊድን ከመምህራቸው ፊት ቁጭ ብለው ብቻ አይማሩም፤ በተራዊሕ ከኢማማቸው ኋላ ቆመውም ይሰርቁታል። የተድበሰበሰ ከሰጠናቸው የተድበሰበሰ ይዘው ይሄዳሉ። ሼኽ ማሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪ በ1961 በካይሮ ሙሉ ቁርኣንን በሙረተል ሲቀዱ የተጠቀሙበት መሣሪያ ዛሬ ልጆቻችን ከሚይዙት ስልክ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፊደል እስከ ዛሬ ተለይቶ ይሰማል።

ስልክ ካነሣሁ፣ ከኢፍጧር በኋላ መንዙማና ነሺዳ ለሚቀዱ ልጆች አንድ ቃል ልጨምር። ምንጣፍና መጋረጃ ባለው ክፍል ተቀመጡ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ራቅ አድርጉት፣ ፍሪጁን ለጥቂት ደቂቃ ንቀሉት። ድቤ የሚመታው ከዜመኞቹ ኋላ ይራቅ፤ አለበለዚያ ግጥሙን ይውጠዋል። ማይክ ካላችሁ ደግሞ ራሱን በመዳፍ አትጨብጡት፤ የተጨበጠ ማይክ ፊትና ኋላውን መለየት ያቅተውና ማፏጨት ይጀምራል።

ወደ ሚናራው ጡሩምባ ስመለስ የሚከፋው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አዛን የእስልምና መለያ ነው፤ ከፍ ብሎ ይሰማ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) አዛንን በሕልማቸው ባዩ ጊዜ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድምፁ ከእሳቸው ይልቅ ስለሚርቅ ለቢላል እንዲያስተምሩት አዘዋቸዋል። ሶላቱ ግን ሌላ ነው። በሱረቱል ኢስራእ 110ኛው አንቀጽ በሶላት ድምፅን ከልክ በላይ ከማንሣትም ፈጽሞ ከመደበቅም ተከልክለን መካከለኛውን መንገድ እንድንይዝ ታዘናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ጮክ ብለው ሲቀሩ ሰምተው መጋረጃውን ገልጠው፣ ሁሉም ከጌታው ጋር እየተነጋገረ እንደሆነና አንዱ ሌላውን እንዳያውክ መናገራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ያ የሆነው በመስጂድ ውስጥ፣ በሚሰግዱ ሰዎች መካከል፣ ያለ ማጉያ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሙሉ ተሀጁድን በሚናራ ጡሩምባ በሰፈሩ ላይ ስንለቀውስ? በሰፈሩ ውስጥ አራስ አለች፣ በሽተኛ አለ፣ ሌሊት ሠርቶ የተኛ አለ፣ ሐቁ በአላህ ዘንድ የተጻፈ ክርስቲያን ጎረቤት አለ። በሁለቱ ቅዱስ መስጂዶች አገር በሳዑዲ ዐረቢያ እንኳ በ2021 የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር የውጭ ድምፅ ማጉያዎች ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲውሉ፣ መጠናቸውም ከሙሉ አቅማቸው አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ አዟል።

«እነሱም እኮ ያስጮኻሉ» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የጎረቤት ሐቅ ጎረቤቱ ሐቃችንን ሲጠብቅ ብቻ የሚጠበቅ ነው የሚል ሐዲስ አላነበብኩም።

መብራት ሲጠፋስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ተቀምጠው ሲያሰግዱ ተክቢራቸውን ለሰዉ ያሰሙ የነበሩት አቡበክር (ረ.ዐ) ናቸው። ይህ ሰው ሙበሊግ ይባላል። ማይኩ ሲሠራ አያስፈልግም፤ በዚህም የተነሣ ረሳነው። እኛ ዘንድሮ ድምፃቸው የሚርቅ ሁለት ወጣቶች መርጠናል፤ አንዱ በመካከለኛው ሰፍ፣ ሌላው በኋለኛው ሰፍ ከፎቁ ሥር ይቆማል። መብራት ከጠፋ ተክቢራውን ተቀብለው ያስተላልፋሉ። ማጉያችንም ከጀርባው የ12 ቮልት ባትሪ መግቢያ እንዳለው ያወቅነው ዘንድሮ ነው፤ ስንት ዓመት ከግድግዳ ተጠግቶ ሲኖር ዞር አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም።

መዋጮው ካሰብነው ከግማሽ በታች ሆነ። አንድ የደረት ማይክ፣ ሁለት ገመድ፣ አንድ ባትሪ ገዛን፤ ቁልፉን የሚነካውም ያ ወጣት ብቻ ነው። በተረፈው ለሴቶች መስገጃ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ተገዝተዋል። አንደኛው ገና አልተሰቀለም፤ በሰፈራችን ረጅም መሰላል ያለው ሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ብቅ ቢል ደስ ይለናል።