«ገበሬ» ስድብ የሆነባት ልጅ እና ሦስት ጀሪካን አፈር

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ታች ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት አንዱ ልጅ በጭቃ እግሩ አዲሱን ጫማዋን ረገጠባት። ዞር አለችና «ገበሬ!» አለችው።

ጠራኋትና «ገበሬ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቆሻሻ ሰው» አለችኝ፤ ምንም ሳትጠራጠር።

«ታዲያ ቆስጣና ድንች የሚያመጣልን ማነው?»

«የጉልቷ ሴትዮ ናታ!»

ሳቅኩ። ቃሉን ከየት እንደሰማችው ሳስብ ግን ሳቄ ቆመ። ከእኔ ነው። ኳስ ስናይ ጎል የሳተ ተጫዋች፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ወረፋው የገባ ሰው፣ አስፋልት አቋርጦ የሚሮጥ እግረኛ... ሁሉም በእኔ አፍ «ገበሬ» ነው። እናንተም እስኪ እውነቱን ተናገሩ። አብዛኛው ሠራተኛ በግብርና በሚተዳደርበት አገር፣ የሚያበላንን ሰው ስም ስድብ አድርገነዋል።

ነገሩ የመጣው ከሰፈር ብቻ አይደለም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከጀርባው የአትክልት ቦታ ነበረው። መቼ ነበር የምንገባበት? ስናረፍድ፣ ስንረብሽ፣ የቤት ሥራ ሳንሠራ ስንመጣ። ጎበዝ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል፣ አጥፊ ተማሪ መኮትኮቻ ይሰጠዋል። ስምንት ዓመት እንደዚህ ስትማር፣ አፈር መንካት የተሸናፊ ሥራ እንደሆነ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ይሄ ነው፦ ልጆችን ገና በትንሽነታቸው ምግብ ማብቀል ማስተማር ያለብን ወጪ ለመቆጠብ አይደለም። የሚበሉት ነገር ስንት ቀን፣ ስንት ድካም፣ ስንት ስጋት እንዳለፈ በእጃቸው እንዲያውቁትና አብቃዩን እንዲያከብሩት ነው።

«ወጪ ለመቆጠብ አይደለም» ያልኩት አውቄ ነው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከልጅቷ ጋር ሦስት ያለቀባቸው የዘይት ጀሪካኖች ቆርጠን፣ ውሃ እንዲያሳልፉ ከሥር በስተን በረንዳ ላይ ደረደርን። አንዱ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ላይ ቆስጣ፣ አንዱ ላይ ሰላጣ ተከልን። አፈርና ፍግ ገዛን፣ የቆስጣና የሰላጣ ችግኝ ገዛን። በሦስት ወር ያገኘነው ቆስጣ ሁለት ጊዜ ወጥ ቢሠራ ነው። ጉልት ወርደን ብንገዛ ይረክስልን ነበር። የእኔ ሰዓት ከተቆጠረማ ፕሮጀክቱ ኪሳራ ነው።

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህ ስለ ጓሮ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቁጥር ነው፤ ስንት እንቁላል፣ ስንት ሊትር ወተት፣ ስንት ኪሎ አትክልት። ለአዋቂ ልክ ነው፤ ኑሮው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የልጅ ምርት ግን በኪሎ አይለካም።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገን ቀበርን። በነጋታው ጠዋት አንዱን አውጥታ አየችው። «አልበቀለም» አለችና መለሰችው። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዝም አልኳት። ሁለቱ ያልተነኩት በሳምንቱ አካባቢ አረንጓዴ ጫፍ አወጡ፤ ያ በየቀኑ የሚጎበኘው በሰበሰ። ከዚያ በኋላ አፈር ቆፍራ አታይም። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ቀጥሎ ሰላጣው ላይ በረዶ ወረደበት። ቅጠሉ ሁሉ ተበሳስቶ አፈር ላይ ተኝቶ አገኘነው። አለቀሰችና «ማነው የሚተካልን?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ግብርና ስጋት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤ ተፈትኛለሁ። እሷ በአንድ ከሰዓት ገባት፤ ያውም ከእኔ በተሻለ።

ትዕግስትንም እንውሰድ። «የዘንድሮ ልጅ ትዕግስት የለውም፣ ስልክ ነው ያበላሸው» ሲባል እንሰማለን። አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ለትንንሽ ልጆች የተሻለ ቀለምና ስቲከር እንደሚያመጡላቸው ቃል ገቡ። ለግማሾቹ አመጡ፤ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» አሏቸው። ከዚያ ለሁሉም አንድ አንድ ጣፋጭ ሰጥተው «ሳትበሉት ከጠበቃችሁ ሁለተኛ እንጨምራለን» አሉ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ጠበቁ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ። ልጅ የሚታገሠው መጠበቁ እንደሚያዋጣ ካመነ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ነገ እገዛልሻለሁ» ብለን እንረሳለን። ጀሪካኑ አይረሳም። ውሃና ፀሐይ ካገኘ ይበቅላል፤ ካልበቀለም ለምን እንዳልበቀለ አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

«ቦታ የለንም» የሚል ይኖራል። አንድ ጀሪካን የሚያርፍበት፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ወይም በረንዳ ይበቃል። «ውሃ በፈረቃ ነው» የሚልም አለ፤ ጎመንና ሩዝ የታጠበበት ውሃ አይደፋ። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በሳስታችሁ ለልጁ ስጡት፤ ከመጫወቻ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። በሰላጣ አትጀምሩ፤ ከእኛ ተማሩ። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ስለሚታይ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉም ይበላል። ቆስጣ ደግሞ የውጭውን ቅጠል ስትቆርጡለት ከመሃል ሌላ ያወጣል። የሠራ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ በቃ። እና እባካችሁ፣ ልጁ ሲያጠፋ «ሂድ አረም ንቀል» አትበሉት። እኛ የተበላሸነው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መሸፈን የለበትም። በረንዳ ላይ ሦስት ጀሪካን ማጠጣት ግብርና አይደለም። ገጠር ውስጥ በመኸር ወቅት ከክፍል ቀርቶ ማሳ ላይ የሚውል ልጅ አለ። ለእሱ ሥራው ጨዋታ አይደለም፣ ፎቶም አይነሳበትም። የእህቴ ልጅ የእሱን ሕይወት አወቀች ብዬ አልዋሽም። ግን አንድ ቀን ስታገኘው ቢያንስ የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። በረዶ ሲወርድ ምን ታደርጋላችሁ ትለዋለች።

ይሄን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ገና ልጅ የላችሁም። ታናሽ ወንድም ግን አላችሁ፤ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ አለ። ቅዳሜ ስልኩን ከእጁ ከመንጠቅ ይልቅ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት እጁ ላይ አስቀምጡ። አብራችሁ ቅበሩትና እናንተም ጠብቁ። ለእኛም ለትልልቆቹ ቀላል አይደለም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ ራሴ ቆፍሬ ላየው ነበር።

ልጅቷ አሁን ቆስጣ ትበላለች ወይ ካላችሁ፣ አትበላም። ራሷ ያበቀለችውን እንኳ አንዴ ቀምሳ ለእኔ ነው ያቀበለችኝ። ግን ባለፈው ቅዳሜ ጉልት አብረን ሄደን አንድ እስር ቆስጣ ላይ ስከራከር ሸሚዜን ጎትታ «ይሄ ሁሉ ቅጠል ስንት ቀን ፈጀ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የተጠየቅኩትን ከፈልኩ።

ማታ ኳስ ስናይ አጥቂው ባዶ ጎል ሳተ። አፌ ላይ ልማዱ መጣ። ቀና ብዬ ሳያት እያየችኝ ነው፤ ዋጥኩት።