ሐረር ተጫዋች ትዋስ ወይስ ታውስ?

ሐረር ውስጥ የኳስ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ «እንደ ሐረር ቢራ ያለ ቡድን መቼ ነው የሚኖረን?» ሐረር ቢራ ከፕሪምየር ሊጉ ከወረደ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ፋብሪካው በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ተሸጠ፤ ቡድኑም ጥቂት ቆይቶ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ትልቁን ሊግ የምታየው በቴሌቪዥን ነው። ለጥያቄው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ታዲያ በጣም ያጓጓል፤ «ትልልቆቹ ክለቦች ጋ ወንበር የሚያሞቁ ልጆችን በውሰት እናምጣና እንደግ።»

እኛ በዚህ አንስማማም። ውሰትን ጠልተን ግን አይደለም።

እስኪ መጀመሪያ የሚወደደውን እናንሳ። በውሰት ተጫዋቹ የአንዱ ክለብ ንብረት ሆኖ (ቃሉ ይቀፋል፣ ግን በኳሱ ዓለም እንዲህ ነው የሚባለው) ለተወሰነ ጊዜ ለሌላው ይጫወታል። የአርሰናል ደጋፊዎች ይኼን ለእኛ አታስረዱን ማለታችሁ አይቀርም። ኦዴጋርድ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ከሪያል ማድሪድ በውሰት መጣ፣ በዚያው ዓመት ተገዛ፣ በ2022 አምበል ሆነ። ቤካም በ1995 ፕሬስተን ሄዶ አምስት ጨዋታ ተጫወተ፣ ሁለት ጎል አገባ፣ አንዷን በቀጥታ ከማዕዘን ምት። ሃሪ ኬን ቶተንሃም ቦታ እስኪሰጠው ድረስ ሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊችና ሌስተር ተንከራቷል። ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የልምምድ ሜዳ የማይሰጠው ነገር አለ። የሚገፋው ተከላካይ፣ የሚሳደብ ደጋፊ፣ መሸነፍ የሌለበት ጨዋታ ያስፈልገዋል።

ከአገር ቤትም ተቀራራቢ ነገር አይተናል። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አስፈረመው። ቀሪውን የውድድር ዘመን ግን ኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ጨርሶ ነው የሄደው። ገዢው ተጫዋቹን አገኘ፣ ቡና ደግሞ በመሃል ባዶ እጁን አልቀረም።

አሁን ወደ እሾሁ። ሉካስ ፒያዞን የሚባል ብራዚላዊ ታስታውሳላችሁ? ባታስታውሱት አንፈርድባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቼልሲ ገባ፣ በ2021 ወጣ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ለቼልሲ የተጫወተው የሊግ ጨዋታ አንድ ብቻ ነው። ቀሪው ዘመኑ በውሰት አለቀ፤ ስፔን፣ ሆላንድ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ጣሊያን፣ ፖርቱጋል። ቼልሲ በአንድ ወቅት በውሰት ያሰማራቸው ተጫዋቾች 40 ገደማ ደርሰው ነበር። አንዱ ዋጋው ከፍ ካለ ይሸጣል፣ ሌላው እንደተቀመጠ ዕድሜው ያልፋል።

ፊፋም ነገሩ ስላስጨነቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ሕግ አወጣ። አንድ ክለብ ወደ ሌላ አገር የሚያውሰው፣ ከሌላ አገርም የሚዋሰው ቁጥር መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 7፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 6 ሆነ። ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው እስከ 21 ዓመት ያሉ ልጆች አይቆጠሩም። ውሰት ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ የተዋሱትን ተጫዋች መልሶ ለሌላ ማዋስም ክልክል ነው። (የጎረቤት ድስት ተውሶ ለሌላ ጎረቤት እንደማዋስ ያለ ነገር መሆኑ ነው።) የየአገሩ ፌዴሬሽኖችም ተመሳሳይ ሕግ በውስጥ ውድድራቸው እንዲያወጡ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው።

እኛ አገር ግን ችግሩ የቼልሲ ተቃራኒ ነው። ተጫዋች አይከማችም፣ ይበተናል። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ይፈረማል፣ ክረምት ሲመጣ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ክርክራችን ደግሞ ብር ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲባል የተነሳውን አቧራ አስታውሱ። የውል ርዝመት ግን እምብዛም አያነጋግርም። ውሰት የሚቆመው ደግሞ በእሱ ነው። የአንድ ዓመት ውል የቀረውን ልጅ ለአንድ ዓመት ብታውሱት፣ ሲመለስ የእናንተ አይደለም። አዋስነው እያላችሁ ሸኝታችሁታል።

እንግዲህ ሐረር ስድስት ሰባት ልጅ ተውሳ ታድጋለች እንበል። ሐምሌ ላይ ልጆቹ ወደየመጡበት ይመለሳሉ። ከተማዋ የሊግ ቦታ ይኖራታል፣ ቡድን አይኖራትም። ከእድር ወይ ከአፎቻ ዕቃ ተውሶ ሠርግ መደገስ ይቻላል፤ ጎጆ ግን በተዋሱት ዕቃ አይወጣም። በዚያ ላይ ወጪው አለ። ደመወዝ በሙሉ ወይም በከፊል የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተዋሹ ነው፤ ስለዚህ በሐረር ገንዘብ የሰው ልጅ ያድጋል። ከጀጎል በሮች ውጭ ባገኘው ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልለው የሰፈር ልጅ ደግሞ ወንበር ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

የእኛ ሐሳብ ተገላቢጦሹ ነው፤ ሐረር አዋሽ ትሁን። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ በፊፋ ደንብ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ውል መፈረም ይችላል። ይፈርምና በአስራ ስምንት ዓመቱ ድሬዳዋ በውሰት ይሂድ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እናቱም ሄዳ ልታየው ትችላለች። እየተጫወተ ያድጋል፣ ሲመለስም ውል አለው። ቢሸጥ ብሩ ለሐረር ነው። አንድ ቀን በሌላ አገር ክለቦች መካከል በዋጋ ቢዘዋወር እንኳ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በትክክል የመዘገበው ክለብ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ያልመዘገበው ምን ብሎ?

«ልጁን ሦስት ዓመት ማሰር አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሆናል፣ አናስተባብልም። በትንሽ ደመወዝ ታስሮ የሚረሳ ልጅ የሐረር ፒያዞን ነው። ስለዚህ የደመወዙ ጭማሪ በየዓመቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። ተዋሹ ክለብ ካላጫወተው በአጋማሹ የዝውውር ጊዜ ወደ ቤቱ መልሶ የመጥራት መብትም ይኑር።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ግን ጉዳት ነው። ልጁ በውሰት ላይ እያለ ጉልበቱ ቢበጠስ ማን ያሳክመዋል? ተዋሹ «የእናንተ ተጫዋች ነው» ይላል፣ አዋሹ «እናንተ ጋ ነው የተጎዳው» ይላል። ሦስቱ ወገኖች በሚፈርሙበት ወረቀት ላይ ይኼ አንድ መስመር ከሌለ፣ ልጁ ክራንቹን ይዞ በሚኒባስ የደንገጎን አቀበት ወደ ሐረር ይወጣል፤ የኤምአርአዩን ዋጋም ዘመድ ያዋጣል።