ልጅዎ ካሜራ ከመኪናው ውጭ ልሰር ቢልዎ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ስለ ክትባት ወይም ስለ ደም ግፊት ሳይሆን ስለ ካሜራ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ጉዳዩ የቤተሰብም የጤናም መሆኑን ታያላችሁ።

የጻፉልኝ እናት የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው። አባታቸው ከ30 ዓመት በላይ በከባድ መኪና ከጅማ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከአልጋና ከተሽከርካሪ ወንበር አይርቁም። የ24 ዓመት የልጅ ልጃቸው ታዲያ አንድ ነገር አሰበ፤ በአጎቱ መኪና እስከ ጅማ ሄዶ መንገዱን ቀርጾ ለአያቱ ማሳየት። ጎፕሮ የምትባለውን ትንሽ ካሜራ ከጓደኛው ተውሶ ከመኪናው ውጭ ሊያስራት ተዘጋጀ። እናት ግን «ተንጠልጥላ የምትሄድ ዕቃ ሰው ትጎዳለች፣ ያንተም ዓይን ከመንገዱ ይነሳል» ብለው ከለከሉት። ልጁ አኩርፏል። አያት ነገሩን ስለሰሙ በየቀኑ «መቼ ነው የሚሄደው?» ይላሉ። እናት የሚጠይቁኝ «አጉል ፈሪ ሆኜ ነው ወይ?» ብለው ነው።

እህቴ፣ አጉል ፈሪ አይደሉም። የልጅዎም ሐሳብ የተባረከ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን አደጋው የት እንዳለ በደንብ እንወቅ።

እነዚህ ካሜራዎች ትንንሽ ናቸው። የቅርብ ጊዜዎቹ ጎፕሮዎች ከነባትሪያቸው 150 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ማሰሪያው ሲጨመር ሩብ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። «ይህች ምን ታደርጋለች?» ያሰኛል። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ግን ጉዳቱን የሚያከብደው የዕቃው ክብደት ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ እንደሆነ ያውቃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ላይ ተነቅላ የቆመ ሰው የምትመታ ካሜራ፣ ከ25 ሜትር ከፍታ ማለትም ከስምንተኛ ፎቅ አካባቢ ከወደቀ ዕቃ እኩል ኃይል አላት። በ40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ወደ 6 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ነፋሱም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ካሜራዋን የሚገፋት ነፋስ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማጣበቂያው ነው። ብዙ ጊዜ ካሜራዋን የሚይዛት እንደ ተገለበጠ ስኒ ያለ ጎማ ነው፤ መስታወት ወይም ቆርቆሮ ላይ ተጭኖ አየሩ ሲወጣለት ይጣበቃል። ዋግምት የምታውቁ አያቶች አሠራሩ አይጠፋችሁም። ቀንዱን ቆዳ ላይ ይዞ የሚያቆየው ሙጫ አይደለም፤ ከውስጥ አየሩ ሲመጠጥ የውጭው አየር ይጫነዋል። ጎማውም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አገር የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በደንብ የሚይዝ ጎማ እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። ከበረሃ ወደ ደጋ ሲወጣም እየላላ ይሄዳል። ሙቀትም ጎማውን ያለሰልሳል፤ ውስጡ የቀረችውን ትንሽ አየርም ያሳብጣታል። አቧራ ደግሞ ዋናው ጠላቱ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ እንዲህ ያድርግ። የሚያጣብቅበት ቦታ ለስላሳ መስታወት ወይም ለስላሳ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይሁን፤ ሻካራ ፕላስቲክ፣ የጎማ ጠርዝና ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት አይሆንም። ኮፈን በሞተር ሙቀት ስለሚግል አይመረጥም። ቦታውንም ጎማውንም በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጠርጎ ያድርቅ። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ቆዳ እንደምንጠርገው ማለት ነው። ከተጣበቀ በኋላ በእጁ በኃይል ይጎትተው፤ መኪናው እስኪነቃነቅ ጎትቶ ካልተነሳ ጥሩ ነው። በቆመ ቁጥር ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ያጣብቀው። የሙጫ ማጣበቂያ ከሆነ ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ተለጥፎ ይደር።

ከሁሉም በላይ የደኅንነት ገመድ ይኑራት። ገመዱ ከጎማው ጋር ሳይሆን ለብቻው ከጠንካራ ነገር ጋር ይታሰር፤ ፖርቶመጋላ ካለው የፖርቶመጋላው ብረት ላይ፣ ከሌለው በር ተከፍቶ ውስጥ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ታስሮ በሩ ይዘጋበት። ገመዱ አጭር ይሁን። ረጅም ከሆነ ካሜራዋ ብትነቀል መስታወት ትደበድባለች፣ ወይም ጎማ ሥር ትገባለች። ካሜራዋ ከመኪናው ጎን ወጣ ብላ አትታሰር። በየከተማው ጠርዝ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች፣ የተጫኑ አህዮችና ባጃጆች አሉ። ስፖኪዮ፣ መብራትና ታርጋም እንዳትከልል።

አሁን ወደ ሹፌሩ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ከካሜራዋ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰው እየተቀረጸ መሆኑን ሲያውቅ አነዳዱ ይለወጣል። «ይህቺን ኩርባ ቆንጆ አድርጌ ልያዛት»፣ «ይህን አይሱዙ ልቅደመውና ገደሉ ይታይ» ማለት ይመጣል። ዓይን ወደ ካሜራዋ ይሄዳል፤ እጅ ወደ ስልኩ። ስለዚህ ብቻውን አይሂድ። ካሜራዋን የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ባትሪ የሚቀይር ሌላ ሰው ይኑር፤ እሱም መኪናው ሲቆም ብቻ ነው የሚነካት። አንድ ባትሪ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ ባትሪ ባለቀ ቁጥር ማረፍ ለሹፌሩም ጥሩ ነው። ከመንገድ ወጥቶ ይቁም እንጂ ኩርባ ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ አይቁም። ኬላ፣ ወታደር የሚጠብቀው ቦታና ድልድይ ላይ ሲደርሱ ካሜራዋ ትጥፋ። ቀብር የሚሄድ ሕዝብ ሲያጋጥምም እንዲሁ። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ካሜራዋን ውጭ መተው ለሌባ ማቅረብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለልጅዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት። አያትህ ይህን መንገድ ለ30 ዓመት ያዩት ከየት ሆነው ነው? ከጋቢና ውስጥ፣ በመስታወት በኩል አይደለም ወይ? ካሜራዋ ከውስጥ፣ የሹፌሩን እይታ በማትከልልበት ቦታ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ብትታሰር አያት የሚያውቁትን መንገድ በሚያውቁት መልክ ያዩታል። መስታወቱ በውስጥም በውጭም ይጠረግ፣ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍበት፤ ይበቃል። ከ350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አብዛኛው በዚህ ይቀረጽ። የውጭው ካሜራ ለተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ይቀመጥ። ለምሳሌ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን መንገድ መውሰድ ይቻላል። ወልቂጤ ላይ ቆሞ ማሰር፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ እያሉ መውረድ፣ ከድልድዩ በፊት አመቺ ቦታ ቆሞ መፍታት። ሽቅቡን ከውስጥ ይቅረጸው።

ስለ አያትም ጥቂት ልበል። ቪዲዮውን ሲያሳዩዋቸው ሙሉውን በአንድ ቀን አይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየቆራረጡ ቢሆን ይሻላል። የሚንቀጠቀጥ ምስል ስትሮክ ያገኘውን ሰው ያዞረዋል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ስለዚህ ልጁ ካሜራዋ ላይ ያለውን የምስል ማረጋጊያ ይክፈት፤ አያትም ቀና ብለው ተደግፈው፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው ይዩ። ግራ ጎናቸው ነው የተጎዳው ብለውኛል። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች አንዳንዶቹ በግራ በኩል ያለውን ነገር አያዩም፣ ወይም አያስተውሉም። ምግባቸውን የሳህኑን ግማሽ ብቻ በልተው ሲተዉ አይተው ከሆነ ምልክቱ ያ ነው፤ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ቴሌቪዥኑን ትንሽ ወደ ቀኛቸው ያድርጉት።

ሲያዩ ሊያለቅሱ ይችላሉ። ከስትሮክ በኋላ እንባም ሳቅም ከልክ በላይ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ ሁልጊዜም የሐዘን ምልክት አይደለም። ደንግጠው አያጥፉባቸው። «አባባ፣ ልዝጋው ወይስ ይቀጥል?» ብለው ይጠይቋቸው። ንግግር የሚከብዳቸው ከሆነ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበትን ጥያቄ ያቅርቡ፤ «ይህ ወሊሶ ነው?»፣ «እዚህ ምሳ ትበላ ነበር?» ዓይነት። ስም ለማውጣት ጊዜ ይስጧቸው፤ በመሐል ገብተው አይጨርሱላቸው።

እንግዲህ እህቴ፣ ፈቃድዎን በሦስት ነገር ላይ ያድርጉት። አብሮት ሰው ይኑር፤ ካሜራዋ የራሷ የደኅንነት ገመድ ይኑራት፤ ውጭ ስትታሰር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳ። አንዱ ከጎደለ ካሜራዋ ከውስጥ ትሁን፤ ጉዞው ግን አይቅር። ከመነሳቱ በፊትም አያቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ የትኛው ኩርባ፣ የትኛው ሻይ ቤት፣ የትኛው ዳገት እንዲቀረጽላቸው እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸው። ቁልቁለቱን በየትኛው ማርሽ እንደሚወረድም ይጠይቃቸው፤ ይህን ከእሳቸው በላይ የሚነግረው የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት አልጋ ላይ የዋለን ሰው ከቁስል ስለ መጠበቅ እንነጋገራለን። ሰላም ቆዩኝ።