ወህኒ ቤትና ጠፈር በአንድ ከረጢት

የአሜሪካ ኮንግሬስ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ገንዘብ እንደሚመድብ መጻፋችንን ሲያይ «እኛን ምን አግብቶን!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንዲህ ለሚለው ወንድማችን ወይም እኅታችን መልሳችን አጭር ነው። ክረምት በወሎ፥ በልግ በቦረና የሚጥለውን ዝናብ ከሰማይ ሆነው ከሚለኩት ሳተላይቶች መካከል የናሳና የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ንብረቶች ይገኙባቸዋል። ከ1984ቱ ረኃባችን በኋላ፥ በ1985 ዓ/ም (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) አሜሪካኖች ያቋቋሙት የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ድርጅትም የዝናቡን ማነስ ሲገምት በዚሁ ልኬት ይጠቀማል። የሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ደግሞ የሚመደበው በአንድ ሕግ ነው።

የዚያ አገር ሕገ መንግሥት በሕግ ካልተመደበ በቀር ከግምጃ ቤት አንዲት ሳንቲም እንዳትወጣ ይከለክላል። ምደባውን የሚያዘጋጁት በየምክር ቤቱ ያሉት 12 ንዑሳን ኮሚቴዎች ሲሆኑ፥ ለእያንዳንዱ ሊያልፈው የማይገባ ጣሪያ ይሰጠዋል። ከነዚህ አንዱ የንግድ፥ የፍትሕና የሳይንስ የሚባለው ነው። የሕዝብ ቈጠራ፥ የፈጠራ መብት ምዝገባ፥ የአየር ትንበያ፥ ኤፍ ቢ አይ፥ የፌዴራሉ ወህኒ ቤቶች፥ ናሳ፥ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ከረጢት ይካፈላል። ሌባ ያዡና ኮከብ ተመራማሪው ምን ዝምድና አላቸው ብሎ የሚመራመር ቢኖር ድካሙ ከንቱ ነው። ናሳና ፋውንዴሽኑ እስከ 2005 ዓ/ም ድረስ የሚመደብላቸው ከጦር ጡረተኞች ሕክምናና ከቤቶች ሥራ ጋር ነበር፤ ኮሚቴዎቹ እንደገና ሲከፋፈሉ ወደ ወህኒ ቤቱ ሠፈር ተዛወሩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ የምንቃወመው ይህን ነው። እስረኛ ዛሬ መብላት አለበት፤ ዘበኛው የወር ደመወዙን ይፈልጋል፤ የወንጀል መርማሪን በጀት ቀነስህ መባልን የሚደፍር እንደራሴም ብዙ የለም። ምርምር ግን «ለከርሞ ይደርሳል» ቢባል በዚያው ቀን የሚጮኽ የለም። ጣሪያው ዝቅ ባለ ቍጥር ማን ቀድሞ ጾሙን እንደሚያድር መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም ሌላ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፍቅር ወሳኝ ነው። የቴክሳሱ እንደራሴ ጆን ካልበርሰን በ2015 ዓ/ም ሊቀ መንበር ሆኑ። እኒህ ሰው ዩሮፓ የምትባለውን የጁፒተር ጨረቃ ይወዷት ነበርና፥ ናሳ መንኵራኵር እንዲልክባት በምደባው ሕግ ውስጥ አስጻፉ፤ ከተጠየቀውም በላይ ገንዘብ ሰጡ። በ2018 ዓ/ም ምርጫ ተሸነፉ። በጨረቃዋ ዙሪያ የሚያልፈው መንኵራኵር በጥቅምት 2024 ዓ/ም ተተኰሰ፤ በላይዋ እንዲያርፍ ያሰቡት ሁለተኛው ግን ቀረ። መልካም ፍቅር ነበር፤ ነገር ግን የአንድ አገር ሳይንስ በአንድ ሰው ወንበር ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ጥላቻም በዚሁ መንገድ ይገባል። በ2013 ዓ/ም ሴናተር ቶም ኮበርን ፋውንዴሽኑ ለፖለቲካ ሳይንስ ጥናት ገንዘብ የሚሰጠው ጥናቱ ለአሜሪካ ጸጥታ ወይም ኤኮኖሚ የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ቀረ እንጂ፥ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎቻችን ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር!

በ2025 ዓ/ም የሆነው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ፕሬዚዳንቱ የፋውንዴሽኑ በጀት ከ9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 3.9 ቢሊዮን ዝቅ እንዲል ጠየቁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፋውንዴሽኑ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት 1,000 ያህል ብቻ ሆነ፤ የቀደመው ዓመት ግማሽ መሆኑ ነው፤ በሰኔ 500 ተጨመረበት። የሁለቱም ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ግን የተጠየቀውን ያህል ቅነሳ አልተቀበሉም። እንደራሴዎች ወሬ እንጂ ሥራ የላቸውም ከሚሉት ጋር በዚህ አንስማማም። ለአስፈጻሚው አልሰጥም ማለት የሚችል ምክር ቤት የተቀመጠበትን ሥራ ሠርቷል።

መዘግየታቸውን ግን ማን ይቅር ይላቸዋል? የበጀት ዓመታቸው ኦክቶበር 1 ሲብት ሕጉ አልተዘጋጀም፤ መንግሥቱ 43 ቀን ከፊሉ ተዘግቶ ከረመ። የከርሞው ገንዘብ ይኑር አይኑር የማያውቅ ፕሮፌሰር ረዳት ተማሪ አይቀጥርም፤ ከሚጠብቁትም መካከል የእኛ አገር ልጆች አሉ።

ወደ ዝናባችን እንመለስ። የሳተላይቱ ግምት የሚታረመው በምድር ላይ በተተከለ የዝናብ መለኪያ ነው፤ እርሱን መትከል ደግሞ የዋሽንግተን ሳይሆን የእኛው ምክር ቤት ገንዘብ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሚመጣው ሰኔ የበጀቱ ረቂቅ ሲቀርብ፥ ለሜትሮሎጂ የተመደበው ስንት እንደሆነ፥ ከየትኞቹስ መሥሪያ ቤቶች ጋር ተዳብሎ እንደሚታይ ፈልጎ በዚህ መጽሔት የሚጽፍልን ተማሪ ካለ ገጹን ከአሁኑ ይዘንለታል።